ቪትዝ ወይስ ሙስታንግ፦ መንዳት የሚጥመው የቱን ነው?

ሰሞኑን ስልኬ በጠራ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው። «አንድ ሰውዬ ሙስታንግ እየሸጠ ነው፤ ልግዛው እንዴ?» መጀመሪያ የአክስቴ ልጅ ጠየቀኝ። ቀጥሎ የሥራ ባልደረባዬ። እሱ ደግሞ ጓደኛውን ላከብኝ። ሁሉም ወሬያቸውን በዋጋ ይጀምራሉ፤ ልባቸው ግን ሌላ ቦታ ነው። እንደ ሙስታንግ ያለ፣ መንዳቱ ራሱ የሚያስደስት የአሜሪካ ስፖርት መኪና ነው ያማራቸው። ቪትዝን እዚህ ወሬ ውስጥ አያስገቧትም። ለእነሱ ቪትዝ ልጆች ትምህርት ቤት ማድረሻ ናት።

መልሴን ከወዲሁ ልናገርና እንገላገል። ቪትዝ ግዙ። ያውም የመጀመሪያዋን፣ ከ1999 እስከ 2005 (እ.ኤ.አ.) የተመረተችውን፣ ባለ 1 ሊትር ሞተር፣ ማንዋል ካምቢዮ።

የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ሥራዬ አዲስ አበባ። ቪትዟ የእኔ ናት፣ ሙስታንጉ የጎረቤቴ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንለዋወጣለን። እሱ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ገበያ ሲሄድ የእኔን ይወስዳል፤ ምክንያቱም የሙስታንግ የኋላ ወንበር ለልጅ እግር እንኳ አይበቃም። እኔም የእሱን ቁልፍ ተቀብዬ እንደ ሀብታም እውላለሁ። ስለዚህ የምለው ከወሬ የሰማሁትን አይደለም።

መጀመሪያ ዋጋ። ቪትዝ ርካሽ ናት የሚል ሰው መኪና ገበያ ከወጣ ዓመታት አልፈውታል። ሃያ ዓመት ያለፋት ቪትዝ ዛሬ ሚሊዮን ብር ይጠራባታል፤ ሻጩም ሲጠራ ዓይኑን አያሽም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን የማይቀመስ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። እዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወሰነ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙ ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ያለችው ቪትዝ እንግዲህ ያችው ያለችው ናት።

ይህ ግን ለገዢም መልካም ጎን አለው። ቪትዝ ላይ ያፈሰሳችሁት ብር አይጠፋም። በገዛችሁበት ትሸጧታላችሁ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ። ጠዋት ለሽያጭ ብታወጧት ማታ ቀብድ ተቀብላችኋል። ሙስታንግ ላይ የሻጩ ዋጋና የገዢው ዋጋ መንገድ ላይ እንኳ አይገናኙም። ጎረቤቴ አንድ ሰሞን ሊሸጠው ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር። ደዋይ በደዋይ ሆነ። ግማሹ «መጥቼ ፎቶ ልነሳበት?» ይላል። ግማሹ «ለሠርግ በስንት ታከራየዋለህ?» ይላል። እገዛለሁ ያለ አንድም አልመጣም።

ነዳጁን በቀላሉ እናስላው። ሊትሩን 100 ብር አድርጉት፤ ካለፈው ቆይቷል፣ ግን ለሒሳብ ይመቻል። ከተማ ውስጥ ቪትዝ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 7 ሊትር ገደማ ትጠጣለች። ሙስታንጉ 14። 700 ብርና 1,400 ብር ማለት ነው። ይህ እግሩ ቀላል ለሆነ ሰው ነው፤ እግረ ቀላል ሰው ደግሞ ሙስታንግ አይገዛም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የጎረቤቴ ሙስታንግ የ2015ቱ ባለ 3.7 ሊትር ቪ6 ነው። ወረቀቱ ላይ 300 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ተጽፏል። ወረቀቱ ግን ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ እንጦጦ አናት ላይ ከ3,000 ያልፋል። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ይታፈናል። በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ይቀነሳል። ስታሰሉት ከ300ው ፈረስ 70 ያህሉ የሉም። የእኔ ቪትዝ ሙሉ ጉልበቷ ስንት መሰላችሁ? 70 ገደማ። ሰውዬው ሱሉልታ እስኪደርስ አንድ ሙሉ ቪትዝ መንገድ ላይ ጥሎ ነው የመጣው።

ቪትዟም ትታፈናለች፣ አልክድም። የሚተርፋት 50 ምናምን ነው። ልዩነቱ እኔ 50ውንም እጠቀምበታለሁ።

ከአዲሱ ገበያ ወጥቶ ወደ ሱሉልታ የሚወስደውን ጠመዝማዛ ዳገት ታውቁታላችሁ። እሑድ በጠዋት፣ መኪና ሳይበዛ፣ በቪትዝ ውጡት። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነዳጁን እስከ ወለሉ ትረግጣላችሁ። ሞተሯ ትጮሃለች። ኩርባው ሲመጣ መሪውን ትንሽ ታዞራላችሁ፤ 850 ኪሎ የማትሞላ መኪና ያለ ክርክር ትከተላችኋለች። ከዚያ ጭንቀቱ ይመጣል። ሦስተኛ ላስገባ ወይስ ሁለተኛ ላይ ልቆይ? ሦስተኛ ካስገባችሁ ልትዝል ትችላለች፤ ዳገት ላይ የጠፋች ፍጥነት ደግሞ አትመለስም። ሲኖትራክ ፊታችሁ ከተገተረ ጣት ወደ ኤሲ ይሄዳል፤ ኤሲ የሞተሯን ጉልበት ይሻማልና። ቪትዝ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ኤሲ ጠፍቶ፣ ማርሽ ወርዶ፣ ከፊት ጥርት ሲል ብቻ ነው የሚቀደመው። ስታልፉት የድል ስሜት አለው። መሀል ላይ ያለው የፍጥነት አሃዝ 50 ይላል። ልባችሁ ግን 150 ላይ ናት።

ይኸው ዳገት በሙስታንግ? ነዳጁን ገና ነካ ስታደርጉት ፊት ያለው ሚኒባስ ጀርባ ላይ ተለጥፋችኋል። ፍሬን። ትንሽ ነካ፣ ደግሞ ፍሬን። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ብቻ ከ100 ያልፋል፤ የቀሩትን ማርሾች ለጌጥ ነው የያዛቸው። ስፋቱ 1.9 ሜትር ነው። ባጃጅ ከፊት ሲመጣ ሆዳችሁን ታስገባላችሁ፣ መኪናው የሚቀጥን ይመስል።

ፍትሕ እንዳላጎድል፣ የሚያሸንፍበት ቦታ አለ። በ2014 (እ.ኤ.አ.) በተከፈተው የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ፣ ቱሉ ዲምቱ ጋ ቲኬት ተቀብላችሁ ስትገቡ፣ እስከ 100 ያለችው ጊዜ አንጀት ታርሳለች። ከማርሚታው የሚወጣው ድምፅ ብቻውን ያስከፍላል ቢባል እከፍላለሁ። ከዚያስ? ገደቡ 120 ነው። እየጮኸችም ቢሆን 120ን ቪትዝም ታውቀዋለች። ደስታው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ የቀረው 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የተዘረጋ አስፋልት ነው።

«ቱርቦ ያለው ብገዛስ?» የሚሉኝም አሉ። እውነት ነው፣ ቱርቦ ከፍታን ይቋቋማል። ግን ፈጣኖቹ የጀርመን ቱርቦዎች ደረጃው ከፍ ያለ፣ ባለ 95 ኦክቴንና ከዚያ በላይ ቤንዚን የለመዱ ናቸው። ማደያ ሄዳችሁ «ባለ 95 ቅዳልኝ» በሉ እስቲ። ኤሌክትሪኮቹ ደግሞ አየር ስለማይፈልጉ ከፍታው ምንም አይላቸውም፤ ዳገቱን ሳይተነፍሱ ነው የሚወጡት። ግን ማርሽ የላቸውም፤ እኔ ማርሽ የምወድ ሰው ነኝ።

ሰፈር ስትገቡ ጨዋታው ይለወጣል። የእኛ መንገድ ግማሹ ኮብልስቶን፣ ግማሹ ዋልካ ነው። መግቢያው ላይ ሰፈርተኛው ራሱ የሠራው ፍጥነት መቀነሻ አለ፤ ከፍታውን ማንም አልለካውም። ጎረቤቴ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ሚስቱ ትወርዳለች። እሱ በመስኮት አንገቱን ያወጣል፣ መኪናውን አግድም ያደርገዋል፣ አንድ ጎማ፣ ቀጥሎ ሌላው። ሚስቱ ጎንበስ ብላ ታያለች። «ግባ… ግባ… ቁም!» ክርርርር። ከኋላ ያለው ባጃጅ ጥሩንባውን አይለቅም። ይህ በየቀኑ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ የሚገፋው የኋላ ጎማ ስለሆነ ዋልካው ላይ መሽከርከር ይጀምራል። ቪትዝም ትያዛለች፤ ግን አራት ጎረምሳ አንሥቶ ያወጣታል።

እንዲያ ሲፋቅ ከርሞ አንድ ቀን የፊቱ መከላከያ ፕላስቲክ ተገነጠለ፤ ብዙ ሳይቆይ ድንጋይ ራዲያተሩን ቀደደው። ዕዳ ከሜዳ። ሶማሌ ተራ ውስጥ የቪትዝ ራዲያተር ጠይቁ፤ «ኦሪጅናል፣ ከመኪና የተፈታ ወይስ የቻይና?» ብለው ያማርጧችኋል። የሙስታንግ ስትሉ ሰዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ጎረቤቴ ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ፈልጎ፣ ሻንጣ ለምኖ፣ ዋጋውን በዶላር ከፍሎ ነው ያስመጣው። እስኪመጣ መኪናው ጥላ ሥር ቆሞ የሰፈር ድመቶች መኝታ ሆነ። ጎማውን እንተወው፤ የእሱ አንድ ጎማ ዋጋ ለእኔ ቪትዝ ሦስቱን ገዝቶ የጎሚስታውንም ይችላል።

ሌላ ነገር። አገር ውስጥ ከሚዞሩት የስፖርት መኪኖች አንዳንዶቹ አሜሪካ ተጋጭተው በጨረታ የተሸጡ ናቸው። ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ ከሥሩ ያለውን ብየዳው ያውቀዋል። የሻንሲ ቁጥሩን ተቀብላችሁ ታሪኩን ኢንተርኔት ላይ አስፈትሹ። ሻጩ ፊትም ቁልፉን አዙሩ፣ ሞተሩን ግን አታስነሡ። የኤርባግ መብራቱ በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን ያወጣ ወይም ሽቦውን የጠለፈ ሰው አለ፤ ኤርባጉም ቦታው ላይ የለም ማለት ሊሆን ይችላል።

ቪትዝ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ዕቃዋ በየቦታው ስላለ ኮፒውም በየቦታው አለ። እኔ ካንዴላ (ሞተር ውስጥ ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ዕቃ) ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። የታወቀ የጃፓን ስም፣ ያሸበረቀ ካርቶን፣ ዋጋውም ዝቅ አላለም፤ ኮፒ መሆኑን የሚያሳብቅ ምንም የለም። ሜዳ ላይ ምንም አላለችም። ዳገቱ ላይ ነዳጅ ስረግጥ መቆራረጥ ጀመረች። መካኒኬ ጋር ወሰድኳት። ጋሼ አንዱን ፈቱና ነጩ ሸክላ ላይ ያለውን ጽሑፍ ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጠረጉት። ስሙ ጠፋ። «አየህ፣ እውነተኛው እንዲህ አይለቅም» አሉኝ። ጫፉንም አሳዩኝ፤ እንደ መርፌ መቅጠን የነበረበት ሽቦ የክብሪት እንጨት ያህል ነው። ሱቁ ብመለስ «አንተ የገዛኸው ከኛ አይደለም» አለኝ። ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ።

ካንዴላ ኮፒ ቢሆን ትቆማላችሁ እንጂ አትሞቱም። ፍሬን ሸራ ግን ቀልድ አያውቅም። ከእንጦጦ ስትወርዱ ርካሹ ሸራ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ ፔዳሉን ብትረግጡም መኪናዋ እንደልቧ መሄድ ትጀምራለች። አዲስ ሸራ ስትገዙ ጠርዙን በጥፍራችሁ ፋቁት፤ እንደ ጠመኔ ከተበነ ባለበት ተዉት። ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ሞተሯ ራሷ ትይዛችኋለች። ማንዋል ግዙ የምለው አንድም ለዚህ ነው።

ልትገዙ ስትወጡ አንድ ነገር ለዩ። ቪትዝ የሚለው ስም የጃፓን ገበያ ስም ነው፤ ከፋብሪካ ስትወጣ መሪዋ በቀኝ ነበር። ወደ ግራ የዞረው በኋላ ነው። ያሪስ ተብላ ለአብዛኛው አውሮፓ የተሠራችው ግን ከፋብሪካም መሪዋ በግራ ነው፤ ለዚህ ነው ሻጮች «መሪ ያልተቀየረ» እያሉ ብዙ ብር የሚጨምሩባት። እኔ ጭማሪው ይገባታል እላለሁ። የመኪናዋ ጣዕም መሪዋ ላይ ነው፤ የተቀየረ መሪ ከላላ ዳገቱም ኩርባውም አይጥምም። የፍጥነት መቁጠሪያዋ መሀል ላይ ስለሆነ ዳሽቦርዱን አይታችሁ አትለዩትም። ፔዳሎቹ ሥር ያለውን ምንጣፍ ግለጡ፤ የብየዳ ምልክት ፈልጉ። ኪሎ ሜትሩን አትመኑ፤ ስንቱን እንደቀነሱት የሚያውቀው የቀነሰው ሰው ብቻ ነው። የነዳጅ መስጫ ፔዳሉን ላስቲክ እዩት፤ 90,000 የሚል መኪና ላይ አልቆ ከለሰለሰ ነገር አለ።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ዳገት ይዛችኋት ውጡ፤ ኤሲ ተከፍቶ፣ አራት ሰው ተጭኖ። ሻጩ «ዳገት ምን ያደርጋል፣ እዚሁ ዞር ዞር አድርጋት» ካላችሁ፣ አመስግናችሁት ሌላ ቪትዝ ፈልጉ።