«ካርድ በኋላ ይገጠምለታል» እያሉ ኦል ኢን ዋን ከሚሸጡ ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው። እስኪበርድልኝም መጠበቅ አልፈለግሁም። አሁን በዚህች ሰዓት ሌላ ሰው እንደኔው ሱቅ ውስጥ ቆሞ፣ እንደኔው በሚያምር ስክሪን ዓይኑ ተይዞ፣ ያንኑ ቃል እየሰማ ይሆናል። ከመክፈሉ በፊት ይድረስልኝ።

ሥራዬ የቤት ውስጥ ዲዛይን ነው። ቤቱ ገና ሳይሠራ ምን እንደሚመስል በስሪዲ አዘጋጅቼ፣ ሬንደር አድርጌ (ኮምፒዩተሩ ፎቶ የሚመስል ምስል አስልቶ እንዲያወጣው አድርጌ) ለደንበኛ አሳያለሁ። ሬንደር የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ኮምፒዩተሩ ጉልበት ከሌለው እንጀራችሁ ይቆማል። የድሮው ማሽኔ ሲደክምብኝ ገንዘብ አጠራቅሜ አዲስ ልገዛ ወጣሁ። በሐሳቤ ሁለት ምርጫ ነበረኝ፦ ኦል ኢን ዋን፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ በሙሉ ከስክሪኑ ጀርባ የተገጠመበት፣ ወይም ወርክስቴሽን፣ ማለትም ለከባድ ሥራ የሚሸጥ ባለ ሳጥን ኮምፒዩተር።

ሻጩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ገና ከበር ስትገቡ «ለምን ሥራ ነው የፈለጉት?» ይላል፤ መልሱን ግን አያዳምጥም። ልቡ ያለው መጋዘን ውስጥ የተከማቸበት ዕቃ ላይ ነው። መጀመሪያ ስክሪኑን ያበራላችኋል። ያቺን ቀለሟ የሚያበራ የተራራና የባሕር ቪዲዮ ይከፍታል። ከዚያ ማሽኑን በጎኑ ያዞረውና በሁለት ጣቱ ቀጭንነቱን ይለካል። «ሳጥን የለው፣ ገመድ የለው፣ ጠረጴዛ አያጣብብ!» ይላል።

እኔ ግን ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። ሥራዬን በፍላሽ ይዤ ነበር። እዚያው ከፍቼ አሳየሁት። «የምሠራው ይህን ነው። ሬንደር ላይ ከተጣደ ለሰዓታት አይነሳም። የቱ ይሻለኛል?» አልኩት። ወርክስቴሽኑ አጠገቡ ነበር፤ ፕሮሰሰሩ (የኮምፒዩተሩ አንጎል) 12ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ7፣ 16 ጊጋ ራም፣ ኤንቪዲያ አርቲኤክስ ኤ2000 የሚባል ባለ 6 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ፤ ምስል የማስላቱን ሥራ ለብቻው የሚሸከም ካርድ ነው። ኦል ኢን ዋኑም 12ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ7 ነው፤ ራሙም 16 ጊጋ። «ያው አንድ ናቸው እኮ! ልዩነታቸው ሳጥኑ ብቻ ነው» አለኝ።

«ካርዱስ? እዚህኛው ላይ የለም» አልኩት።

«ለአሁኑ አያስፈልግዎትም። ካስፈለገዎት ደግሞ ይምጡ፤ እኛው እንገጥምልዎታለን።»

ደግሜ ጠየቅሁት። «ይገጠማል?» አልኩ።

«ይገጠማል አልኩዎት። እኛ አለን አይደል?»

ከፈልኩ።

ቤት ወስጄ ስጀምረው ምንም አልል። ፕላን ስስል፣ ኢሜይል ስጽፍ፣ ፎቶ ሳስተካክል ጥሩ ነው። ስክሪኑም እውነትም ያምራል። ጉዱ የመጣው ዋናውን ሥራ ስጭንበት ነው። ሬንደሩ እንደተነሳ ትንሽ ይሮጣል። ከዚያ ፋኑ መጮህ ይጀምራል፣ ጀርባው ይግላል፣ ፍጥነቱ ቁልቁል ይወርዳል። ማታ አስነስቼው የተኛሁት ሥራ ጠዋት ስነሳ ገና መንገድ ላይ ነው። ለደንበኛ ቀን ቆርጬ ነበር። ቀኑ አለፈ። ደንበኛዬም ሥራውን ለሌላ ሰጠ። በምን አፌ ልውቀሰው?

እንግዲህ ካርዱን ላስገጥም ተመልሼ ሄድኩ።

ስገባ አይቶኛል። ስልኩ ላይ ነበር፤ ቀና አላለም። ማሽኑን አቅፌ ቆሜ ጠበቅሁ። ከባድ ነው፤ «አስቀምጪው» እንኳ ያለኝ የለም። በመጨረሻ «አቤት» አለ።

«ካርዱን እንድትገጥሙልኝ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«የምን ካርድ?»

«በኋላ እንገጥምልዎታለን ያልከኝን ግራፊክስ ካርድ።»

ወደ ባልደረባው ዞረ። «ሰማህ? ኦል ኢን ዋን ላይ ግራፊክስ ካርድ ግጠሙልኝ ትላለች» አለው። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ማሽኑን ከእጄ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው። ያንኑ ጎኑን አዞረልኝ። በእነዚያው በሁለት ጣቶቹ ውፍረቱን ይዞ፦ «እስቲ የቱ ጋ ነው የሚገባው? አንቺ አሳዪኝ» አለኝ።

ሲሸጥልኝ ያሞገሰው ቀጭንነት ነው። ሲሸጥልኝ «እርስዎ» ሲለኝ የነበረ ሰው ነው። የከፈልኩበት ጠረጴዛም ያው ነው።

«አንተ ነህ ይገጠማል ያልከኝ። ሁለት ጊዜ ጠይቄሃለሁ» አልኩት። ዓይኑን በጨው አጥቦ ካደኝ። «እኔ እንደዚህ ልል አልችልም። ኮምፒዩተር የሚያውቅ ሰው እንደዚህ አይልም» አለ። ሬንደር እንደምሠራ ነግሬህ ፋይሌን ከፍቼ አሳይቼሃለሁ ስለው ደግሞ «በቀን ስንት ሰው ነው የሚመጣው፤ የሁሉንም ሥራ ማስታወስ አለብኝ?» አለኝ። «ምን እንደሆነ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ማንበብ ነበረብሽ።»

ሱቁ ውስጥ ሌሎች ገዢዎች ነበሩ። ዞረው አዩኝ። እንደ ነገረኛ ነው የታየሁት። ካርዱ አለመገጠሙ ያናድዳል፤ አንጀቴን ያሳረረው ግን ያ ሳቅ ነው። ሰውየው ያኔም ያውቅ ነበር! ካርድ የሚገባበት ቦታ እንደሌለው ሲሸጥልኝም ያውቅ ነበር። የማያውቅ ሰው ቢያሳስተኝ ይቅር እል ነበር።

ከዚያ ወጥቼ የማምነው ቴክኒሻን ጋ ሄድኩ። እሱ ነው ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝ፤ እናንተም ስሙት።

የኔ ፕሮሰሰር ሙሉ ስሙ ኮር አይ7-1255ዩ ነው። የወርክስቴሽኑ ኮር አይ7-12700 ነው። ሁለቱም «12ኛ ጀነሬሽን አይ7» ናቸው፤ እዚህ ላይ ሻጩ አልዋሸም። ውሸቱ «አንድ ናቸው» ማለቱ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ዩ» የተባለችው የእንግሊዝኛ ፊደል ለቀጫጭን ላፕቶፖች የተሠራ፣ ኃይል ቆጣቢ ፕሮሰሰር ነው ማለት ነው። መነሻ የኃይል መጠኑ 15 ዋት ነው። የ12700 መነሻ 65 ዋት ነው፤ ሲጫነው እስከ 180 ዋት ይሄዳል። የኔው 10 ኮር፣ ማለትም ሥራውን የሚከፋፈሉ 10 ክፍሎች፣ አለው ይባላል፤ ከነሱ ጠንካራዎቹ 2 ብቻ ናቸው፤ 8ቱ ቀለል ላለ ሥራ የተሠሩ ትንንሾች ናቸው። 12700 ግን 12 ኮር አለው፤ 8ቱ ጠንካራ ናቸው። ሬንደር ሁሉንም ኮር እስከ ጥግ ነው የሚያሠራው። ታዲያ እንዴት ነው እነዚህ ሁለቱ «ያው አንድ» የሚሆኑት?

ሙቀቱም ሌላ ጣጣ ነው። ከስክሪኑ ጀርባ ባለችው ቀጭን ቦታ ትልቅ ፋን አይገባም። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። መጀመሪያ ሮጦ በኋላ የሚያነክሰው ለዚህ ነው። ሱቅ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ሲሞከር ይህ ጠባዩ አይታይም። ሻጩም ከጥቂት ደቂቃ በላይ አያስነካችሁም።

ግራፊክሱን ሲያየው ቴክኒሻኑ ራሱን ነቀነቀ። ይህ ፕሮሰሰር ውስጡ አይሪስ ኤክስኢ የሚባል ግራፊክስ አለው። ካርድ አይተካም፤ ግን ከድሮዎቹ ይሻላል። ይህ አይሪስ በሙሉ አቅሙ እንዲሠራ ራሙ በሁለት ቻናል መሆን አለበት። 16 ጊጋው 8 እና 8 ሆኖ በሁለት ቢገጠም ማለት ነው። የኔው አንድ ባለ 16 ጊጋ ቁራጭ ብቻ ነው የገባበት። ሁለተኛው ቦታ ባዶ ነው። እንዲህ ሲሆን ዊንዶውስ ራሱ አይሪስ አይለውም፤ ዩኤችዲ ግራፊክስ ብሎ ነው የሚጽፈው። ያችኑ ትንሿን አቅም እንኳ ቆርጠው ነው የሸጡልኝ። ራሟ ላይ አንድ ቁራጭ ብጨምር ትንሽ ነፍስ ይዘራል አለኝ፤ ሬንደሩን ግን አይፈታውም።

ስክሪኑን ብቻ ልጠቀምበትና ወርክስቴሽን ከጎኑ ልግዛ ብዬ ጠየቅሁት። አይሆንም። ጀርባው ላይ ያለው ኤችዲኤምአይ የሚባለው የገመድ መሰኪያ ምስል የሚያወጣ እንጂ የሚያስገባ አይደለም። ማሽኑ ሲያረጅ ያ የሚያምር ስክሪን አብሮት ይሄዳል።

ኦል ኢን ዋን ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ለሒሳብ ሥራ፣ ለእንግዳ መቀበያ፣ ለጽሑፍ፣ ለልጆች ትምህርት ደህና ዕቃ ነው። ጠንካራ ፕሮሰሰርና ካርድ ያለውም ተሠርቷል። ግን ካርዱ ከፋብሪካ አብሮት ካልመጣ በኋላ አይመጣም። የአፕሉ አይማክ እንኳ እንዲሁ ነው። በ2020 የወጣው ባለ 27 ኢንች ጀርባው ላይ ራም የሚጨመርበት በር ነበረው። በ2021 የመጣው ባለ 24 ኢንች ግን የገዛችሁት ራም እስከ መጨረሻው ያው ነው፤ አይጨመርም። እሱን የሚገዛ ሰው ይህን አውቆ ይግዛ፤ ቅሬታ የለኝም። እኔን የነገሩኝ ግን ተቃራኒውን ነው።

ደግሞ ያላለቀ ነገር አለ። በማግስቱ ስልክ ተደወለልኝ። ያው ሱቅ ነው። ድምፁ እንደገና ለስልሷል፤ «እርስዎ» ተመልሳለች። «ኦል ኢን ዋኑን እንቀበልዎትና ትንሽ ጨምረው ወርክስቴሽን ይውሰዱ። ዚዮን ነው፣ ሰርቨር ላይ የሚገባው ነው» አለኝ። ዚዮን የሚባለው ፕሮሰሰር ብዙ ዓይነት ነውና የቱ እንደሆነ ጠየቅሁት። ማለት አልፈለገም። ስጨቀጭቀው ኢ5-2680 ቪ2 ነው አለ። ቴክኒሻኑ ሲሰማ ጮኸ። ይህ በ2013 የወጣ ፕሮሰሰር ነው! 10 ኮር አለው፤ እውነት ነው። ግን ራሙ የድሮው ዲዲአር3 ነው፤ ኃይል ይበላል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ አይደግፈውም። ኦል ኢን ዋኑን በርካሽ ሊወስዱብኝ፣ ከላዩ ገንዘብ ሊያስጨምሩኝ፣ ያገለገለ ዕቃ ሊሰጡኝ ነበር። ወርክስቴሽን የሚለው ስም ብቻውን ምንም ዋስትና የለውም።

ደረሰኜን አውጥቼ አየሁት። «ኦል ኢን ዋን፣ አይ7፣ 16 ጊጋ» ይላል። ከሥሩ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም አለው። ስለ ካርዱ የተባለው አንድም ቃል የለም። አሁን ሱቁን የምከራከረው በባዶ እጄ ነው፤ ግን አልተውኩትም።

ለምትገዙ ሰዎች የምለው አጭር ነው። «አይ7 ነው» ሲሏችሁ ሙሉ ቁጥሩን ከነመጨረሻው ፊደል ጠይቁ። «ዩ» ካለበት የላፕቶፕ ነው። «ቲ» ካለበት የዴስክቶፕ ሆኖ ኃይሉ የተቀነሰ ነው፤ ለምሳሌ 12700ቲ 35 ዋት ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ታስክ ማናጀር የሚባል ፕሮግራም ክፈቱና ፐርፎርማንስ የሚለውን ንኩ። ራሙ ስንት ቦታ ላይ እንደተገጠመ እዚያው ይጽፋል፤ «ሮው ኦፍ ቺፕስ» የሚል ካያችሁ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ለብቻው የሆነ ካርድ ካለው እሱም ከነስሙ ይታያል። የራሳችሁን ሥራ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሬንደር አስነሱ፤ እስኪግል ድረስ አትነሱ። ለሬንደር፣ ለስሪዲና ለከባድ ቪዲዮ ከሆነ ሳጥን ያለውን ውሰዱ፤ ቢያንስ ክዳኑ ይከፈታል፣ ካርዱ ይቀየራል።

«በኋላ ይጨመርለታል» ካሏችሁ ደግሞ ምን እንደሚጨመር፣ የካርዱን ስም ጭምር፣ ደረሰኙ ላይ ያስፍሩላችሁ። አንጽፍም ካሉ አትክፈሉ።