ኦቶማቲክ፣ ሲቪቲ ወይስ ማንዋል? ያገለገለ ቶዮታ ሲገዙ የካምቢዮ ችግርን መለየት

መኪናውን ለማየት ስትሄዱ ሻጩ ቀድሞ እንዳያስነሳው አደራ በሉት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ የሚታይ ችግር አለ፣ ዘይቱ ሲሞቅ ብቻ የሚወጣም አለ፤ «አሙቄ ጠበቅኳችሁ» የሚል ሻጭ የመጀመሪያውን ደብቋል ማለት ነው።

ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ክፈቱ። የቼክ ኢንጂን መብራት መብራት፣ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ኮድ ማንበቢያ (የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ) ሰኩ፤ ርካሹም ይበቃል። ፒ0700 ካምቢዮው ውስጥ ችግር ተመዝግቧል ከማለት አያልፍም፣ ቁም ነገሩ አብሮት ያለው ኮድ ነው። ኮድ ባይኖርም «ሬዲነስ» (መኪናው ራሱን ፈትሾ መጨረሱን የሚያሳየው) አልተሟላም ካለ፣ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል ወይም ባትሪ ተነቅሏል።

ባለ 4 ማርሽ ኦቶማቲክ

የ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሮላዎችና ለገልፍ (የባሕረ ሰላጤው ዓረብ አገሮች) ገበያ የወጡ ያሪሶች ላይ ያለው ይህ ነው። ከሦስቱ ብዙ ምልክት የሚሰጠውም እሱ ነው። «ኦ/ዲ ኦፍ» የሚለው መብራት ሳይቋረጥ ከበራ ብልሽት አይደለም፤ ማርሽ ዘንጉ ላይ ያለው ቁልፍ ተጭኖ 4ኛ ማርሽ ተዘግቷል፣ መልሳችሁ ተጫኑት። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ኮድ ፈልጉ።

ፍሬን ይዛችሁ ከኤን ወደ ዲ ስታስገቡ በ1.2 ሰከንድ ውስጥ፣ ወደ አር በ1.5 ሰከንድ ውስጥ መያዝ አለበት። ዘግይቶ በኃይል ከመታ ዘይቱን እዩ፦ ሞተሩ ሞቆ፣ እየሠራ፣ ማርሹ በሁሉም ቦታ ካለፈ በኋላ ፒ ላይ። ቡናማ መሆኑ ዕድሜ ነው፤ ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ ውስጡ ያሉት ክላቾች አልቀዋል። ዘይቱ ደህና ሆኖ ከመታ ደግሞ የተቆረጠ የሞተር ሱፖርት (ሞተሩን የሚይዘው ጎማ) ወይም ቆሞ ሳለ ከፍ ብሎ የሚዞር ሞተር ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ካምቢዮ መፍታት አያስፈልግም።

ፒ0750 ወይም ፒ0755 ሶሌኖይድን (ማርሽ ለመቀየር የዘይቱን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ የኤሌክትሪክ ቫልቭ) ያመለክታል። ሽቦውና ሶኬቱ ቀድሞ ይታይ፤ ሶሌኖይዱም ቢሆን ካምቢዮው ሳይወርድ፣ ከሥር ያለው የዘይት ሳህን ተከፍቶ ይቀየራል። ይህ ዋጋ የሚያስቀንስ እንጂ የሚያስሸሽ አይደለም። ከ2ኛ ወደ 3ኛ ሲቀይር ሞተሩ ጮኾ መኪናው ካልተከተለ ግን ዘይቱ ሙሉ እስከሆነ ድረስ ካምቢዮው መታደስ አለበት ማለት ነው፤ ተዉት።

ከገዛችሁ በኋላ የዘይቱን ዓይነት ከመለኪያው ዘንግ ላይ አንብቡ (ብዙዎቹ ላይ ቲ-4 ተጽፏል)። ከሥር ሲፈታ የሚወጣው ወደ 3 ሊትር፣ ማለትም ከጠቅላላው ግማሽ እንኳ ስለማይሞላ፣ ትንሽ ተነድቶ ይደገማል። ሳህኑ ውስጥ ያሉት ማግኔቶች ላይ ግራጫ ለስላሳ ጭቃ ቢኖር የተለመደ ነው፣ የብረት ስባሪ ግን አይደለም።

ሲቪቲ

ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለጃፓን ገበያ ከተሠሩት ቪትዞች ብዙዎቹ ሲቪቲ (በማርሽ ፋንታ በቀበቶና በፑሊ የሚሠራ ኦቶማቲክ ካምቢዮ) ናቸው። ስትነዱ ማርሽ ሲቀየር ካልተሰማችሁ ሲቪቲ ነው፤ ስለዚህ «ማርሹ ይመታል» የሚባል ነገር የለውም። የሚታየው ከ20 እስከ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲሄድ መንቀጥቀጥ፣ ከፍጥነቱ ጋር የሚጨምር ፉጨትና ዳገት ላይ መለገም ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ አውጡት፤ ሜዳ ላይ የተደበቀው እዚያ ይወጣል። ቼክ ኢንጂኑ ብልጭ እያለ ከተንቀጠቀጠ ግን በቅድሚያ ካንዴላና ኮይል ይታይ።

ዘይቱ የራሱ ነው፣ ቲሲ ወይም ኤፍኢ። ተራ የኦቶማቲክ ዘይት ከተጨመረበት ቀበቶው ይንሸራተታል፣ ፑሊውንም ይበላዋል፤ እዚህ ደረጃ ከደረሰ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ካምቢዮ መቀየር ነው። የካምቢዮ ኮድ ያለው ሲቪቲ በቅናሽም አይገዛ።

ማንዋል

የካምቢዮ መብራት ስለሌለው እጅና ጆሮ ይፈርዳሉ። ሞተር ጠፍቶ ሁሉም ማርሽ በቀላሉ እየገባ፣ ሞተር ሲሠራ እንቢ ካለ ጥፋቱ የፍሪሲዮን ነው እንጂ የካምቢዮ አይደለም። 2ኛ ማርሽ ብቻ እየፈጨ ከገባ ሲንክሮናይዘሩ (ማርሹ ሳይፈጭ እንዲገባ የሚያደርገው ቀለበት) አልቋል። ፍሬን ረግጣችሁ በ3ኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፦ ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ የፍሪሲዮን ዲስክ የሚገዛበትን ገንዘብ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።