ከሂርማታ የገዛሁት አፈ ሰፊ ጋን፣ ለብርዝ ነው

ለእህቴ መልስ ብርዙን የምበጠብጠው እኔ ነበርኩ። ባለፈው ድግስ በፕላስቲክ በርሜል በጥብጠን ላስቲክ ላስቲክ ስላለን፣ ዘንድሮ አይደገምም ብዬ ሐሙስ ጅማ ሂርማታ ገበያ ወጣሁና አፈ ሰፊ የሸክላ ጋን ገዛሁ። 40 ሊትር ገደማ ይይዛል። በ900 ብር።

አፉ ለምን ሰፊ ሆነ? የለመድነው ጋን አንገቱ ጠባብ ነው። ለጠጅ ጥሩ ነው፣ ተከድኖ ይፈላበታል። ብርዝ ግን ተበጥብጦ ወዲያው የሚጠጣ ነው፣ ማሩ ከሥር ይረጋል፣ ክንድሽ እስከ ክርንሽ ካልገባ በደንብ አይሟሟም፣ ሰፈፉንም ለቅሞ ማውጣት መከራ ነው። በዚህኛው ሁሉም ነገር ከላይ ይታያል።

የጥንት ግሪኮች ይሄ ነገር በደንብ ገብቷቸዋል። ወይን ጠጅን ከውሃ የሚቀላቅሉበት ክራቴር የሚባል አፈ ሰፊ ዕቃ ነበራቸው። ስሙ የወጣው መቀላቀል ከሚለው ቃላቸው ነው፣ ልክ እኛ ብርዝን ከመበረዝ እንዳወጣነው። ደስ የሚለኝ ጓዳ አለመደበቁ ነው። ተጋባዦቹ ጋደም ባሉበት ክፍል ውስጥ ይቆማል፣ ከእሱ በማንቆርቆሪያ እየተቀዳ ለየሰዉ ይዞራል። ውሃው ከወይኑ ይበልጣል፣ 3 እጅ ውሃ ለ1 እጅ ወይን አንዱ የታወቀ ልክ ነበር። ልኩን የሚቆርጠው የግብዣው አለቃ ተብሎ የተመረጠው ሰው ነው። ሳይበርዙ መጠጣት ለእነሱ የባዕድ ሰው ወግ ነበር። ኤውፍሮኒዮስ የሚባል የአቴና ሠዓሊ ከ2,500 ዓመት በፊት የሳለበት ክራቴር 45 ሊትር ገደማ ይይዛል፣ ከእኔ ጋን ብዙም አይርቅም። በ1953 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ቪክስ ላይ ከመቃብር የወጣው የነሐስ ክራቴር ግን ቁመቱ 1.64 ሜትር ነው፣ 1,100 ሊትር ይይዛል። የጅማዋን ጅሬን በሙሉ ብርዝ ያጠጣል!

ወደ ጋኔ ልመለስ። ሸክላ ሠሪዋ እናት «ልጄ፣ ሳታሟሺው ምንም እንዳትጨምሪበት» አሉኝ። በግራዋ አሸሁት፣ ፀሐይ ላይ አደረቅሁት፣ በወይራ አጠንኩት። እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያው ሌሊት አላበው፤ ጠዋት ሳነሳው ሥሩ ረጥቦ ነበር። የአቴና ሸክላ ሠሪዎች ውስጡን በላመ ጥቁር ጭቃ ቀብተው ነበር የሚተኩሱት፣ የእኛው ግን ያልተቀባ ነው። በሦስተኛው ቀን ቀነሰ። ደግሞ ማላቡ ጥቅም አለው፣ ላቡ ሲተን ዕቃው ይቀዘቅዛል። የመልሱ ቀን ከሰዓት፣ ያ ሁሉ ሰው ድንኳን ውስጥ ተፋፍጎ፣ ብርዙ ከምንጭ የተቀዳ ይመስል ነበር። የወይራዋ ጠረንም ከሥር ትመጣለች። ሽማግሌዎቹ ሁለቴ አስቀዱ።

ስትገዙ በጣታችሁ አንኳኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ ተዉት። እኔ መጀመሪያ ሌላ ሻጭ ጋ ያነሳሁት ስንጥቁ በአመድ ተደፍኖ ነበር።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ሥሩ ድቡልቡል ስለሆነ ብቻውን አይቆምም፣ ከጨርቅ ማቶት ጠቅልዬ ነው ያስቀመጥኩት፣ ሲሞላ ደግሞ ለማስተካከል ሁለት ሰው ይፈልጋል። ክራቴር እኮ እግር አለው። በማግስቱ ተመልሼ ለእናትየው ነገርኳቸው፤ እግር ያለው አንድ ይሥሩልኝ፣ አፉ እንደዚሁ ሰፊ ይሁን አልኳቸው። ጭቃ በያዘ እጃቸው አየር ላይ ቅርጹን ሠሩና «እንዲህ?» አሉኝ።