ውሃው ከነእሽጉ ያለበት ሃይድሮፊሊክ ካቴተር፣ ለረጅም ጊዜ ለምንጠቀም

ህብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ፊኛው በራሱ አላወጣ ያለው ሰው ካቴተር (ፊኛ ድረስ ገብቶ ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ እድሜ ልኩን ነው የሚጠቀመው፣ ስለዚህ ምርጫው እንደ ትንሽ ነገር አይታይ። እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው፣ ዊልቸር ነው የምጠቀመው፣ በፊት ተራውን ፕላስቲክ በጄል ነበር አሁን ግን ሃይድሮፊሊክ የሚባለውን ይዣለሁ፣ ከዚህ ወዲያ ወደ ተራው መመለስ አልፈልግም።

ላዩ ላይ ያለው ሽፋን እሽጉ ውስጥ ያለው ውሃ ሲነካው ስለሚያሟልጭ ጄል መቀባት የለም፣ የሽንት ቧንቧውንም ብዙ አይፍቅም። በተራው አልፎ አልፎ ደም አይ ነበር፣ አሁን በጣም ቀንሶልኛል። ከፍቶ ማስገባት ብቻ ስለሆነ ስራ ቦታም ቶሎ ያልቃል፣ ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ሰው ሰዓቱን የሚያሳልፈው ጣጣው ሲበዛበት ነው እኮ፣ ፊኛ ደግሞ ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ እየያዘ ከተለጠጠ ኢንፌክሽኑ ይመላለሳል፣ ግፊቱ ኩላሊትንም ይጎዳል። ጉዳታቸው ቲ6 (ደረት አካባቢ ያለው ስድስተኛው የጀርባ አጥንት) ወይም ከዛ በላይ የሆነ ሰዎችማ ፊኛው ሲሞላ የደም ግፊታቸው ድንገት ሊወጣ ይችላል፣ ከባድ ራስ ምታትና ላብ ከመጣ ቀና ብሎ ተቀምጦ ቶሎ ማውጣት ነው፣ ካልተሻለ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

የማልወድለት፣ እጅ ላይም ያሟልጫል፣ ጣቱ ለደከመ ሰው መያዣ ያለው ይሻላል። ከተከፈተ በኋላ ከቆየ ይደርቃል። አጥቦ ደግሞ መጠቀም ፈጽሞ አይሆንም፣ ሽፋኑ ይበላሻል። ዋጋውም ከባድ ነው፣ ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግስት የጤና ኢንሹራንስ) ያለው ግን ከ2008 ጀምሮ በወር እስከ 200 ካቴተር ስለሚሸፍን በቀን ስንቴ እንደሚጠቀም ፕሬስክሪፕሽኑ ላይ በግልጽ ያስጽፍ።

ሀገር ቤት ላላችሁ፣ ይሄ አልተገኘም ብላችሁ እጃችሁ እየሰራ ፎሊ (ፊኛ ውስጥ ገብቶ እዛው የሚቆየውን ካቴተር) ተሸክማችሁ አትክረሙ እባካችሁ፣ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ኢንፌክሽንና ጠጠር ያመጣል። ዶክተር ጃክ ላፒደስ ሚሺጋን ላይ በ1972 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ካቴተር በየሰዓቱ እያስገቡ ሽንትን ራስ የማውጣት ዘዴ በተራ ካቴተርና በንጹህ እጅ የሚሰራ ነው፣ ፊኛው እንዳይለጠጥ በሰዓቱ ባዶ ማድረግ ከምንም በላይ እንደሆነ ያኔውኑ ተናግሯል። ሀኪማችሁን "ራሴ ማውጣት አልችልም ወይ" ብላችሁ ጠይቁት።

እዚህ ያላችሁ ደግሞ ካርቶን ሙሉ ከማዘዛችሁ በፊት ሳምፕል ጠይቁ፣ ብዙዎቹ አቅራቢዎች በነጻ ይልካሉ።