አሮጌው ላንድ ክሩዘርና ቪትዝ በሰሜን ሸዋ መንገድ

ክረምትም በጋም ጎን ለጎን የተነዱት ሁለት መኪኖች ባለ 3.4 ሊትር ናፍጣ ላንድ ክሩዘር ቢጄ42 እና ባለ 1.0 ሊትር ቤንዚን ቪትዝ ናቸው። ደብረ ብርሃን ኖሮ ከአስፋልት ለማይወጣ ሰው ቪትዝ ይበቃል። በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር ገደማ ይበላል፤ ላንድ ክሩዘሩ እጥፉን። ቪትዙ ኤርባግ አለው፣ አሮጌው የለውም። ልጆች ጭኖ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ይህ ብቻውን ይወስናል።

ከፍታው ግን ለሁለቱም አይራራም። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህል ያጣል። ቪትዙ አየሩን በሴንሰር ለክቶ ቤንዚኑን ይቀንሳል። የከፍታ ማስተካከያ የሌለው የናፍጣ ፓምፕ ግን እንደ ቆላው መርጨቱን ይቀጥላል፤ ዳገት ላይ የሚታየው ጥቁር ጭስ ከዚህ ነው። የአየር ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖም ከጨሰ ፓምፑን የሚያውቅ ባለሙያ መጠኑን ይቀንስለት። ላንድ ክሩዘሩ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት አልነሳ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ካንዴሌታዎቹ (የናፍጣ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያሞቁት) ናቸው። አዲስ ካንዴሌታ ሲገዛ የተጻፈበት ቮልት ከወጣው ጋር አንድ መሆኑ ይታይ፤ ካልገጠመ ወይ አያሞቅም ወይ ወዲያው ይቃጠላል።

አሮጌውን መኪና በእውነት የሚፈትነው ጭቃ አይደለም፣ ቁልቁለት ነው። ከጣርማ በር ዋሻ ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት እስኪደረስ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደ 1,300 ገደማ ይወረዳል። የፊቱም የኋላውም ፍሬን ታምቡር በሆነበት መኪና ፍሬን ይዞ መውረድ ሸራውን ያግላል፣ የጋለ ሸራ ደግሞ አይዝም። ስለዚህ ዋሻው ሳይታለፍ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ማስገባት፣ ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ መልቀቅ፣ በፍጹም አለማንጠልጠል። ከጉዞው በፊት ጎማው በክሪክ ተነስቶ የፍሬኑ ማስተካከያ ጎማው እስኪያዝ ይጠበቃል፣ ከዚያ በነፃ እስኪዞር ይላላል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ፦ የፍሬኑን እገዛ የሚሰጠው የቫኪዩም ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመ ነው፣ የሚቀባውም በሞተር ዘይት ነው። ዘይቱን የሚያደርሰው ቱቦ ከተሰነጠቀ ዘይት ያልቃል፣ ፔዳሉም ድንጋይ ይሆናል። በየሳምንቱ በእጅ ይዳሰስ። ቪትዙ አውቶማቲክ ከሆነ ቁልቁለቱን በዲ አይውረድ፤ ወደ 2 ወይም ኤል፣ በአንዳንዱ ወደ ቢ ይዛወር።

ከዋናው መንገድ ወደ መንዝ ቀበሌዎች ሲገነጠል ግን ቪትዝ አቅሙ አይደለም። ከመሬት ያለው ከፍታ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ የዘይት ኮፓው ድንጋይ ይመታል፣ ዋልካው ደግሞ ጎማው ቤት ውስጥ ይጠቀጠቃል። ላንድ ክሩዘሩ ይወጣዋል፣ የፊት ጎማዎቹ ቁልፍ ጭቃው ውስጥ ሳይገባ ከታሰረ። ደረቅ አስፋልት ላይ ሲደረስ ፎር ዊሉ ይፈታ፤ የፊትና የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያስችለው የመሃል ዲፈረንሻል ስለሌለው ክሮቼራ (የማዞሪያ ዘንጉን መገጣጠሚያ) ይሰብራል። ወንዝ ከተሻገረ በኋላ የዲፈረንሻሉ ዘይት ወተት መስሎ ከተገኘ ውሃ ገብቷልና ሳያድር ይቀየር።