ጠርሙሱ ውስጥ ካበራ አትግዙት

ባሕር ዳር ላብራቶሪ ውስጥ የምትሰሩ፣ በተለይ መመረቂያ ጽሁፍ ላይ ያላችሁ፣ ፍሎረሰንት ዳይ (ብርሃን ሲመታው የሚያበራ ማቅለሚያ) ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። እኔ 14,500 ብር ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነጻ ውሰዱት።

ስራዬ የጣና አልጌ ነው። ጠዋት ከደንገሉ ጥግ ውሃ እቀዳለሁ። ከዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ ተቀምጬ የቱ ሕዋስ በሕይወት እንዳለ፣ የቱ እንደሞተ እቆጥራለሁ። ለዚህ የሚሆን ፍሎረሲን ዳይአሲቴት የሚባል ዳይ አለ፤ ባጭሩ ኤፍዲኤ ይሉታል። አንዲት ጓደኛዬ የአቅራቢ ስልክ ሰጠችኝ። ደወልኩ። «እህቴ፣ ነገ ጠዋት እጅሽ ይገባል» አለኝ።

አንድ ካፌ ተገናኘን። ከፌስታል ውስጥ ጠርሙስ አወጣ። ጠርሙሱ ወለል ብሎ የሚያሳይ ነጭ ብርጭቆ፣ ውስጡ ቢጫ ውሃ። «እንዳትቸገሪ ብለን በውሃ በጥብጠነዋል፤ አንቺ ጠብ ማድረግ ብቻ ነው።» ላዩ ላይ በእስክሪብቶ ኤፍዲኤ ተብሎ ተጽፏል። የየት ፋብሪካ ነው ስለው «ራሱ ላይ አለ እኮ፣ ኤፍዲኤ ያጸደቀው ነው» አይለኝም! የአሜሪካን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ማለቱ ነው። ሳቄ መጣ። ያኔ ቦርሳዬን አንስቼ መሄድ ነበረብኝ።

ቀጥሎ ኪሱ ገባና የሐሰተኛ ብር መፈተሻ ባትሪ አወጣ። በጠርሙሱ ላይ አበራበት። ፈሳሹ አረንጓዴ ሆኖ ቦግ አለ። የካፌው አስተናጋጅ ሳትቀር ቆማ አየች። «አየሽ? ይሰራል!» አለ። ያለ ደረሰኝ ከሆነ 2,000 ብር እንደሚቀንስልኝም ነገረኝ። እሺ አልኩ። ይኼኛው ጥፋት የራሴ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ኤፍዲኤ ጠርሙስ ውስጥ ማብራት የለበትም። ዳዩ ከፋብሪካ ሲወጣ አያበራም። ሕዋስ ውስጥ ሲገባ እዚያ ያሉት ኤስተሬዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ሁለቱን የአሲቴት ጭራዎች ይቆርጡለታል። ያኔ ፍሎረሲን ይሆናል፤ የሞገድ ርዝመቱ ወደ 490 ናኖሜትር በሚጠጋ ሰማያዊ ብርሃን ሲመታ አረንጓዴ ያበራል። ሽፋኑ ደህና የሆነ ሕዋስ ፍሎረሲኑን ይዞ ያቆየዋል፤ የሞተው አይቆርጥም፣ ቢቆርጥም ያፈስሰዋል። አረንጓዴ ሕዋስ በሕይወት አለ የምንለው ለዚህ ነው። ውሃ ውስጥ ከተበጠበጠ ግን ሕዋስም ሳያስፈልገው ራሱ ይቆረጣል። ስለዚህ አሴቶን ወይም ዲኤምኤስኦ በሚባሉ ፈሳሾች በጥብጠው፣ ከብርሃን ሸፍነው፣ በ-20 ዲግሪ ያስቀምጡታል። ከውሃ ጋር የሚገናኘው ሊሰሩበት ሲሉ ብቻ ነው። እንግዲህ ካፌ ውስጥ ቦግ ያለው ነገር የዳዩ ጤንነት ሳይሆን ሬሳው ነበር።

ይህን ያወቅሁት በዳቦ እርሾ ነው። እርሾውን በለብ ያለ ውሃ በጥብጬ ለሁለት ከፈልኩት፤ ግማሹን አሥር ደቂቃ አፈላሁት። በሁለቱም ላይ ዳዩን ጠብ አደረግሁ። ሕያው እርሾ አረንጓዴ፣ የፈላው ጨለማ መሆን ነበረበት። የእኔ ሁለቱም ስላይዶች ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኑ፤ ሕዋሱም ውሃውም። ምንም እርሾ የሌለበት ስላይድ ላይ ሞከርኩ። እሱም አረንጓዴ።

ከዚሁ ሰው የገዛሁት ሁለተኛው ጠርሙስ ዳፒ የሚባል ዳይ ነበር፤ ዲኤንኤ ላይ ተጣብቆ ሰማያዊ የሚያበራው። «በማንኛውም ማይክሮስኮፕ ይሰራል» ብሎ ሸጠልኝ። አይሰራም። ዳፒን የሚያነሳሳው 358 ናኖሜትር አካባቢ ያለ አልትራቫዮሌት ነው። እኔ የምጠቀምበት ለቲቢ ምርመራ ከሚሆኑት ዓይነት ነው፤ ያለው ሰማያዊ ኤልኢዲ ብቻ። ስለዚህ ያ ጠርሙስ ትክክለኛ ዳፒ ይሁን የቧንቧ ውሃ እስካሁን መለየት አልቻልኩም። ከመግዛታችሁ በፊት የማይክሮስኮፓችሁን የመብራትና የፊልተር ቁጥር ጻፉና ከዳዩ ቁጥር ጋር አስተያዩት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

በነገራችን ላይ አልጌ የምትሰሩ፣ ምንም ዳይ ያልነካው ሳምፕል ሁልጊዜ ቀድማችሁ እዩ። ክሎሮፊል በሰማያዊ ብርሃን ራሱ ቀይ ያበራል። አንድ የክፍላችን ልጅ የሞተ ሕዋስን ቀይ የሚያደርገውን ፕሮፒዲየም አዮዳይድ ጨምሮ «የጣና አልጌ በሙሉ አልቋል» ብሎ አስደንግጦን ነበር። ዳዩን ባይጨምርም ቀይ ነበሩ።

አሁን ብገዛ እንዲህ ነው የማደርገው። ደረቅ ዱቄት እንጂ የተበጠበጠ አልቀበልም። ዱቄት ከአዲስ አበባ ሲመጣ የጥቂት ቀን መንገድ ይችላል፤ የተበጠበጠው ግን በአውቶቡስ፣ የአባይን በረሃ ያለ በረዶ አቋርጦ ምን ሆኖ እንደሚደርስ አስቡት። የፋብሪካው ማሸጊያ ያልተከፈተ፣ ጠርሙሱ ጥቁር ወይም ቡናማ መሆን አለበት። ሎት ነምበር (የተመረተበት ዙር ቁጥር) እና ካስ ነምበር (የኬሚካሉ መለያ ቁጥር) ይኑረው፤ የኤፍዲኤ ካስ ነምበር 596-09-8 ነው። ደረሰኝ ግድ ነው። ገንዘቡን ደግሞ ግማሹን በእጅ፣ ግማሹን የእርሾው ፈተና ካለፈ በኋላ። በዚህ የማይስማማ ሻጭ ካለ ምክንያቱን ራሱ ያውቀዋል።

ሰውዬውን መልሼ ደውዬለት ነበር። መጀመሪያ «አጠቃቀሙን አላወቅሽበትም» አለ። ቀጥሎ «ፍሪጅሽ ነው ያበላሸው»። በሦስተኛው ቀን ስልኩ አይነሳም። ደረሰኝ ስለሌለኝ የትም ሄጄ የምከስበት ወረቀት የለኝም።

ባለፈው ሳምንት ቴሌግራም ላይ አዲስ ማስታወቂያ አየሁ። የሰው ፊት የለም፤ እጅ፣ ባትሪ፣ ወለል ያለ ጠርሙስ፣ ከዚያ ቦግ ያለ አረንጓዴ። ከጀርባው ያለውን ጠረጴዛ አውቀዋለሁ። የእኔ ማኪያቶ ነው የሚታየው።