በደሴ የተሰፋ ሰንደቅ ዓላማ፦ ከሕጉ ልኬት አንጻር

በደሴ ፒያሳ ከሚገኙ ልብስ ሰፊዎች አንዱ ለትምህርት ቤታችን የሰፋልንን ሰንደቅ ዓላማ ስገመግም መለኪያ ያደረግሁት ሕጉን ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 3 አረንጓዴ ከላይ፣ ቢጫ ከመሐል፣ ቀይ ከታች ሆነው በእኩል መጠን በአግድም እንዲቀመጡ ያዛል፤ በአዋጅ ቁጥር 654/2001 መሠረት ደግሞ ወርዱ የርዝመቱ እኩሌታ ነው።

ርዝመቱና ወርዱ ልክ ናቸው። ቢጫው ግን ለስፌት የሚታጠፈው ጨርቅ ከላይም ከታችም ስለተቀነሰበት ከሌሎቹ በአንድ ጣት ያህል ጠቧል፤ ይህ የደረሰው የተስፋ፣ የፍትሕና የእኩልነት ምልክት በተባለው ቀለም ላይ መሆኑ ያስተዛዝባል።

በዓርማው ሥራ ግን እንከን አላገኘሁም። በዘውዱ ዘመን የይሁዳ አንበሳ ይታይበት በነበረው ስፍራ፣ የሰላም ምልክት የሆነው ሰማያዊ ክብ በሁለቱም ገጽ ተሰፍቷል፤ ኮከቡን የሚሠሩት ቀጥታና እኩል መስመሮችም ሳይዛነፉ በቢጫ ክር ተጠልፈዋል። ከደሴ በላይ ካለው ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ አስቀድሞ የሚተለትለው የሚውለበለበውን ጠርዝ ስለሆነ እዚያ ላይ ድርብ ስፌት መደረጉ የሰፊውን ልምድ ያሳያል። ገመድ የሚገባበት ወገን በነጠላ ስለተሰፋ ግን ከመሰቀሉ በፊት አስደግመነዋል።